ከምንጩ በታች ያለው ጤፍ

ከምንጩ በታች ያለው ማሳችን ክረምት ክረምት ውሃ ይተኛበታል። ሌላው ገበሬ የሚሸሸውን ያንን ረግረግ አባቴ ከሁሉም ማሳቸው አብልጠው ይወዱት ነበር። ይገምሱታል፣ ይደግሙታል፣ ይሰልሱታል፤ አሁንም አይበቃቸውም። በዘር ቀን ደግሞ የጎረቤቱን ከብት፣ አህያና ፍየል ሳይቀር ለምነው ያመጡና ጭቃው እስኪጠብቅ ያስረግጡታል፤ ጤፉ የሚዘራው ከዚያ በኋላ ነው። የዚያ ቀን ሳቅና ጩኸት፣ የጭቃው ሽታ እንኳ ሳይቀር፣ ዛሬም ይናፍቀኛል።

የእርሻ ኮሌጅ ተማሪ ሳለሁ ለክረምት እረፍት ላስታ፣ ወላጆቼ ቤት ስገባ ልቤ አብጦ ነበር። አባቴን ይዤ ስለ ዩሪያ ማዳበሪያ ማስተማር ጀመርኩ፦ በዘር ቀን ከተበተነ ጎርፍ ይዞት ይሄዳል፤ ውሃው ተጠንፍፎ፣ ቡቃያው ጠንከር ሲል፣ በልኩ ነው የሚሰጠው።

"ከመጠምጠም መማር ይቅደም፣ ልጄ" አሉ እየሳቁ። "የኔ ጤፍ በሽተኛ አይደለም፤ ኪኒን አይፈልግም።"

እናቴ ከገበሬዎች ማኅበር ያመጣችው የዩሪያ ጆንያ ጎተራው ሥር ተቀመጠ። እኔን ያንገበገበኝ የጤፉ ነገር አልነበረም። ያን ሁሉ ዓመት ተምሬ አባቴ አንዲት ቃሌን እንኳ አለማመናቸው ነበር።

ሞፈር በማይነሳበት የማርያም ዕለት ሁሉም ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ "ሆዴን ቆረጠኝ" ብዬ ቀረሁ። ጆንያው ቀለል ብሎኛል፤ እናቴ ለጎረቤት አካፍላ ይሆናል ብዬ አለፍኩት። በዓል መሻሬን እያወቅሁ ዩሪያውን ማሳው ላይ በተንኩት።

ጤፉ እንዴት ያለ ጤፍ ሆነ! ወደ ገበያ የሚያልፈው ሁሉ ቆሞ ይመርቃል። እኔም በልቤ "አዩ አባባ?" እላለሁ። መስከረም መጨረሻ ላይ ግን አንድ ዝናብ ከነነፋሱ መጣና ማሳው በሙሉ ጋሸበ። ከልኩ በላይ የለመለመ ጤፍ አገዳው አይሸከመውም፤ ዘለላው ጭቃ ላይ ተኝቶ በሰበሰ።

ለአጨዳ ከኮሌጅ ተመልሼ የተረፈውን ተንበርክከን ስናጭድ አባቴ ማጭዳቸውን አስቀመጡ።

"ጥፋቱ የኔ ነው፣ ልጄ። አንቺ ቅዳሜ ገበያ ስትወርጂ ከዚያ ጆንያ በትኜበታለሁ። ትምህርትሽ ፍሬ ሲይዝ አይተሽ ደስ ይበልሽ ብዬ ነው። ልኩን አላውቅ፤ አበዛሁት መሰለኝ።"

"እኔም በትኛለሁ" ልል አፌን ከፈትኩ። የወጣው ግን "ግድ የለም አባባ፣ ያጋጥማል" የሚል ነበር። ቃሌን አምነውኛል፤ ያን ባወቅሁበት ቅጽበት ዋሸኋቸው።

ከዚያ ወዲህ ክረምት በመጣ ቁጥር መሥሪያ ቤቴ ድረስ ይደውሉልኝ ነበር። "ውሃውን አጠንፍፌዋለሁ። ልኩን ንገሪኝ፤ እንደዚያ ጊዜው እንዳላጠፋ" ይሉኛል። እነግራቸዋለሁ። ስልኩን ስዘጋ ሁሌም "በሚቀጥለው እናገራለሁ" እል ነበር።

አምና በአባቴ ተዝካር ላይ አንድ ሽማግሌ ጎረቤታችን ተነሥተው አመሰገኗቸው። "እንዲያ ያለ ገበሬ በአገራችን አልነበረም" አሉ፤ "ያችን አንድ ዓመት ብቻ ነው በማዳበሪያ የተሳሳቱት።" ሰው ሁሉ በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ። እኔም አብሬ ነቀነቅሁ።