ጋሼ ክፍቱ

ዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አብሮኝ የሚሠራውን ሰው ተማሪዎች «ጋሼ ክፍቱ» ይሉታል። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ የመምህራኑን በር እያንኳኳ፣ «ጥናታችሁን ስጡኝና ድረ ገጻችን ላይ ልጫነው፤ ያለውም የሌለውም በነፃ ያንብበው» ሲል ኖሯል። እነሱም «እሺ፣ ነገ» ይሉታል፤ የእነሱ ነገ መቼም አይነጋም።

እሱ ግን ተስፋ አልቆረጠም፤ እንደ ልጁ ያሳደጋት ታናሽ እህቱ አለችዋ! የመመረቂያ ጥናቷን ልታስገባ ስትል ቅጹ ላይ ያለችውን ትንሽ ሳጥን በጣቱ አሳያት።

«ይቺን እንዳትነኪ፤ ከነካሻት ጥናትሽ ለአምስት ዓመት ይቆለፋል።»

«ምን በወጣኝ፣ ጋሼ! የኔማ ለሁሉም ክፍት ነው።»

ማክሰኞ ዕለት አንዲት ተማሪ ያንኑ ጥናት ፈልጋ መጣች። ደረቱን ነፍቶ ርዕሱን ጻፈ። «በጸሐፊዋ ጥያቄ ለአምስት ዓመት ተዘግቷል» የሚል ጽሑፍ ወጣ። የኮምፒዩተር ስህተት መስሎት ለእህቱ ደወለላት። አጠገቡ ስለነበርኩ መልሷን ሰምቻለሁ።

«ሐሳቤን ሰው እንዳይወስድብኝ ብዬ ነው፣ ጋሼ። ለአንተ ከፈለግክ በኢሜል እልክልሃለሁ።»

ለእሱ! ጥናቱን ፊደል በፊደል ላረመላት ሰው!

ስልኩን ዘጋ። ተማሪዋ፣ «ጋሼ፣ ጸሐፊዋን ያውቋታል እንዴ? እባክዎ ይለምኑልኝ» አለችው።

«አላውቃትም» አላት።