ድምፅ እስኪደርስ

ነገሩ በደርግ ዘመን ነው። ታናሽ ወንድሜ ግርማ ለትምህርት ሶቭየት ኅብረት ሄዶ ሳለ አባታችን ነቀምቴ ላይ አረፈ። ፈተናውን ይጨርስ ብለን መርዶውን ደበቅነው። እሱ ግን «ቅዳሜ ጠዋት አራት ሰዓት ስልክ ቤት ጠብቀኝ» የሚል ደብዳቤ ላከልኝ።

ጫልቱ የምትባለው ኦፕሬተር መነጋገሪያውን ስታቀብለኝ፣ «ኦቦ፣ ድምፅዎ በሳተላይት ሰማይ ደርሶ ነው የሚወርደው። ተናግረው ትንሽ ይጠብቁ፤ አለበለዚያ ትደራረባላችሁ» አለችኝ።

እውነቷን ነበር። «ሃሎ» ብዬ መልሱ እስኪመጣ አንድ ትንፋሽ ያህል መጠበቅ ነበረብኝ። መጀመሪያ እየተጣደፍኩ እላዩ ላይ እናገር ነበር። ስለ እናታችን፣ ስለ ዝናቡ ሲጠይቀኝ ግን መዘግየቱን ወደድኩት፤ ድምፄን የማስተካክልበት ጊዜ ሰጠኝ።

«አባባስ?» አለ።

ዝምታዬ የመስመሩ ይመስለዋል ብዬ ቆየሁ። ተራ የሚጠብቁት ሰዎች ያዩኛል። በመጨረሻ፣ «ደህና ነው። ዘመድ ሊጠይቅ ሲሬ ሄዷል» አልኩት።

ጠበቅኩ። አንድ ትንፋሽ አለፈ፤ ሁለት፣ ሦስት አለፈ። መስመሩ የተቆረጠ መስሎኝ ወደ ጫልቱ ዞርኩ።

«አልተቋረጠም፣ ኦቦ» አለችኝ ቀስ ብላ።

ከዚያ የግርማ ድምፅ መጣ።

«ጋሼ፣ ከሰማሁ ሁለት ወር ሆኖኛል። ከሰፈራችን የመጣ ተማሪ ነገረኝ። የደወልኩትም ከእኔ መደበቁ እንደከበደህ ስለገባኝ ነው።»