የጋሽ አበራ ውሃ

ይህ ነገር ከደረሰብኝ ሁለት ረመዳን አለፈ። ቆቦ ውስጥ ወሬው ተረስቷል፤ ሰው የራሱ ጣጣ አለበት። እኔ ግን እስከ ዛሬ ውሃ ከመጠጣቴ በፊት አሸትታለሁ። በገዛ ቤቴ፣ ከገዛ ጆጌ የቀዳሁትን! ልጄ "እማ፣ ምን ሆነሻል?" እያለች ትስቅብኛለች። ትሳቅ።

ምግብ ቤት ነበረችኝ፣ አስፋልቱ ዳር፣ ስምንት ጠረጴዛ። ሥጋም ሽሮም ይበላባታል፤ ሰው የሚመርጣት ግን ስለ አንድ ነገር ነበር። አልኮል አይገባባትም። ቢራ አልሸጥም፣ አረቄ አልሸጥም፣ ከውጭ ይዞ የመጣም ከበር ይመለሳል። ከሮቢት ለገበያ የሚመጡ ሽማግሌዎች፣ የረጅም መንገድ ሾፌሮች፣ ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ የሚመጣ ነጋዴ፣ ሁሉም "ፋጡማ ቤት ንጹሕ ነው" ብሎ ነው የሚገባው። ባሌ ከሞተ ወዲህ ሁለት ልጆች ያሳደግኩት በዚያች ስም ነው። እሷን ካጣሁ ሌላ ምንም አልነበረኝም።

ያንን ስም ደግሞ በገዛ እጄ ነው ያስበላሁት። ወላሂ፣ በይሉኝታ!

ጋሽ አበራ የሚባል ደንበኛ ነበረኝ። የመንግሥት ሠራተኛ፣ የደብሩ ሰበካ ጉባኤ አባል፣ ለሽምግልና የሚጠራ የተከበረ ሰው። አንቱ ነበር የምለው፤ ዛሬ ስጽፍ ግን አንቱታው ከብዕሬ አልወጣ አለኝ፣ ይቅር በሉኝ። ክርስቲያን ስለሆነ ሥጋዬን አይበላም። ሽሮዬን ግን ከቆቦ አንደኛ ነው ይላል። በጦርነቱ ጊዜ ቤቴ ተዘርፎ ባዶ ግድግዳ ሲቀር፣ ከቤቱ ስድስት ወንበር በጋሪ አስጭኖ ያመጣልኝ እሱ ነው። "ፋጤ፣ አብሽሪ፣ ቤትሽን ክፈቺ" አለኝ። ያኔ አልቅሻለሁ። ይህን ሳልናገር ባልፍ ግፍ ነው።

አንድ ቀን ሽሮውን እየበላ፣ ከቦርሳው የውሃ ሃይላንድ አውጥቶ ብርጭቆው ላይ ጠብ አደረገ። ባጠገቡ ሳልፍ ሸተተኝ። አረቄ!

"ጋሽ አበራ! ምን ጉድ ነው ያመጡብኝ?" አልኩት ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

"ዝም በይ ፋጤ፣ ለመድኃኒት ያህል ናት። አረቄ ቤት ገብቼ ብታይ የደብሩ ሰው ምን ይለኛል? ሌላ ምግብ ቤት የራስሽን ይዘሽ ስትገቢ ደግሞ ያስከፍሉሻል፣ ያፈጡብሻል። እዚህ ማን ይጠረጥራል? እንደሁ ውሃ ነው የሚመስል።"

የስንቱን ጎረምሳ ጠርሙስ ከበር የመለስኩት ሴትዮ፣ ወንበሮቹ ታዩኝ። እሱ የተቀመጠበት ራሱ የሱ ወንበር ነው! "በሉ እግርዎ ሥር ያድርጉት፣ ማንም እንዳያይ" አልኩና ዓይኔን ጨፈንኩ። ከዚያ ወዲህ በሳምንት ሁለት ሦስቴ ይዞ ይመጣል፣ እኔም አላየሁም እላለሁ።

ያ ዓመት የኛ ረመዳንና የነሱ ሁዳዴ የገጠመበት ነበር። ረመዳን ሊገባ ሲል ለመንኩት። "ጋሽ አበራ፣ እባክዎን ይህን አንድ ወር ይተዉት።"

"እንዴ፣ ምን ነካሽ? እኔም እኮ ጿሚ ነኝ" አለኝ። አመንኩት።

ቀኑ የገበያ ቀን ነበር። የቆቦን ሙቀት በጾም የቀመሰ ያውቀዋል፤ ምላስ ከላንቃ ይጣበቃል። ለመግሪብ ጥቂት ሲቀር ቤቱ ጢም አለ። ተምሩን፣ ሾርባውን፣ ሳንቡሳውን ደርድሬ፣ በየጠረጴዛው ውሃ በሃይላንድ አስቀምጬ ወዲያ ወዲህ እላለሁ። ጋሽ አበራ ጥጉ ላይ ብቻውን ሽሮውን ይጠብቃል። ባጠገቡ ሳልፍ ያቺ ሽታ መጣች። ጎንበስ ብዬ ሳይ፣ ሃይላንዷ እግሩ ሥር ናት።

ማስወጣት ነበረብኝ። አንስቼ ጓሮ መድፋት ነበረብኝ። ግን ቤቱ ሙሉ ነው፣ ሰው ይሰማል፣ የተከበረ ሰው ማዋረድ ነው። "ሽሮውን በልቶ ይሄዳል" ብዬ ወደ ጓዳ ገባሁ። በጾም አፌ ራሴን ዋሸሁት።

አባ ይማም የገቡት ያኔ ነው። የሮቢት ሰው ናቸው፣ ከብት ነጋዴ፣ ሰባ ዓመት ያለፋቸው። ግማሹን ደንበኛዬን ያመጡልኝ እሳቸው ናቸው። ክፍት ወንበር ያለው ጋሽ አበራ ጋ ብቻ ስለነበር ወደዚያው ሄዱ። ይተዋወቃሉ። ጋሽ አበራ ገና ቀድቶ ሃይላንዷን በእጁ እንደያዘ ነበር መሰለኝ፤ ሊስማቸው ሲነሳ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጣት። ከኔ ውሃ ጎን። ተሳሳሙ፣ ተቀመጡ፣ ስለ ዝናቡ ሲጫወቱ ጓዳ ድረስ ይሰማኝ ነበር። ሃይላንዷም እዚያው ቀረች።

እኔ ሽሮውን ይዤ ከጓዳ ስወጣ አዛኑ ተሰማ። አባ ይማም "ቢስሚላህ" ብለው ተምር ጎረሱ፣ እጃቸውን ሰደዱና የቀረበቻቸውን ሃይላንድ አነሱ። ቀኑን ሙሉ የተጠማ ሰው ቀስ ብሎ አይጠጣም፤ ያንደቀድቃል። ሁለት ጉንጭ ሙሉ ከወረደ በኋላ ነው የገባቸው። ትን አላቸው፣ ዓይናቸው እንባ አቀረረ፣ የቀረውን መሬት ላይ ተፉት። "አስተግፊሩላህ! አስተግፊሩላህ!" እያሉ ደረታቸውን ይደቃሉ። አንድ ሾፌር ሃይላንዷን ነጥቆ አሸተተና ጮኸ።

"አረቄ ነው! ወላሂ አረቄ ነው!"

ሁሉም እኔን አየ።

"ፋጡማ፣ የማን ነው ይሄ?" አሉኝ አባ ይማም።

እኔ ጋሽ አበራን አየሁት። "የኔ ነው፣ አጥፍቻለሁ" ቢል እኮ እዚያው አለቀ! አባ ይማም ይቅር ባይ ሰው ናቸው። ሾፌሩም ወደሱ ዞሮ "ያንተ ነው እንዴ?" አለው።

ጋሽ አበራ ቀና አላለም። "እኔ ምን አውቃለሁ? እዚሁ ጠረጴዛው ላይ ነው ያገኘሁት። የቤቱ ውሃ መስሎኝ" አለ።

የቤቱ! አጂብ ነው! ልዘረግፈው ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ወጣቶቹ መነሳት ጀምረዋል፣ ፊታቸው ተለዋውጧል። ክርስቲያን በረመዳን፣ በማፍጠሪያ ሰዓት፣ ሙስሊም ቤት አረቄ ይዞ ገባ ከተባለ ነገሩ የት እንደሚደርስ አላህ ነው የሚያውቅ። አንድ ዱላ ቢነሳ ነገ ከተማው ነው የሚታመስ።

"ጥፋቱ የኔ ነው" አልኩ። "የሰው ዕቃ ሳላይ ከውሃው ጋር ቀላቅዬ አቅርቤ ነው። አውፍ በሉኝ።"

ጋሽ አበራ ሽሮውን ሳይነካ ተነሳ። በበሩ ሲወጣ ዞር ብሎ ያየኛል ብዬ ጠበቅኩ። አላየኝም።

ከዚያ በኋላ ማንም አልሰደበኝም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ዝም ብለው ቀሩ። ሾፌሮቹ ከማዶ ካለው ቤት መቆም ጀመሩ፤ ሚስቱን ይዞ የሚመጣው ነጋዴ መንገድ ላይ ሲያየኝ ስልኩን ጆሮው ላይ ያደርጋል። እኔ ደግሞ፣ ሞኟ፣ ጋሽ አበራ ቢያንስ ለአባ ይማም ሄዶ እውነቱን ይነግራቸዋል ብዬ እጠብቃለሁ። ንስሐ የሚያውቅ ሰው አይደል? ሁዳዴ ተፈታ፣ ፋሲካ አለፈ፣ ድምፁ የለም።

አባ ይማም ግን አንድ ቀን መጡ። ቁጭ ሳይሉ፣ በር ላይ እንደቆሙ "ልጄ፣ የማን እንደሆነ ያን ቀንም አውቄዋለሁ። ስንሳሳም አፉ ሸትቶኝ ነበር" አሉኝ። እፎይ ልል ስል ቀጠሉ። "ያመጣው እሱ ነው። ያስገባሽው ግን አንቺ ነሽ።" ውሃ ላቅርብልዎ ብላቸው "ይቅር ልጄ" ብለው ሄዱ። ያቺ "ይቅር" እስከ ዛሬ ትቆረቁረኛለች።

ደንበኛ ጠፍቶ ምግብ ቤቷን ስዘጋ ስድስቱን ወንበሮች በጋሪ ጭኜ ለጋሽ አበራ ላክሁለት። አፍሮ ይመልሳቸዋል፣ ወይ ራሱ ይመጣል ብዬ ነበር። ባለጋሪው ባዶውን ተመለሰ።

"ምን አሉ?" አልኩት።

"የአንዱ እግር ላልቷል አሉ" አለኝ።

ዛሬ መናኸሪያው በር ላይ ሳንቡሳና የታሸገ ውሃ እሸጣለሁ። በቀደም ጋሽ አበራ ከሁለት የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች ጋር ወደ ወልዲያ ሊሄድ መጣ። ምንም እንዳልተፈጠረ "ፋጤ! እንዴት ነሽ? ውሃ ስጪኝ እስቲ" አለኝ እየሳቀ።

እናቴ፣ አላህ ይዘንላትና፣ ለእንግዳ ወተት ስትሰጥ መጀመሪያ መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ትቀምስ ነበር፣ ጠጪው እንዲያምናት። እኔም የታሸገውን ውሃ ከፈትኩ። አሸተትኩ። መዳፌ ላይ ጠብ አድርጌ፣ ዓይን ዓይኑን እያየሁ ቀመስኩ። ጓደኞቹ ግራ ገብቷቸው ይተያያሉ።

"ምነው ፋጤ?" አለ፣ ሳቁ እየጠፋ።

"ጠጣ" አልኩት፣ አንቱታዬን ትቼ። "አይዞህ፣ የቤቱ ውሃ ነው።"

ተቀበለኝ። አልጠጣውም። እንደያዘው ሚኒባሱ ውስጥ ገባ። ያን ቀን አንጀቴ ይርሳል ብዬ ነበር፤ አልራሰም። እሱን ይቅር ማለት አቅቶኛል፤ ያቺን ሃይላንድ እግሩ ሥር እያየሁ ወደ ጓዳ የገባሁትን እኔንም።