አንዱን ለእሷ
እናቴ የራስ ምታቷ ከስፌት የመጣ ነው ብላ ታምን ነበር። ከዚራ በሚባለው ሰፈራችን፣ የባቡር ሠራተኞች ከሚኖሩባቸው ቤቶች በአንዱ በረንዳ ላይ መኪናዋን ዘርግታ የሰው ቀሚስ ትሰፋለች፤ ራሷን ሲያማት ከሱቅ የሕመም ማስታገሻ ክኒን አስገዝታ ትውጣለች። እንዲህ እያለች ዓመታት አለፉ። የደም ግፊቷን ለክቶ የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

እኔ የመምህርነት ሥራ በጀመርኩበት ዓመት እግሯ ያብጥ ጀመር። ባቡር ነጂው አባቴ ከጅቡቲ በተመለሰ ቁጥር ነጠላ ጫማ ይዞላት ይመጣል፤ አዲሱ ሁልጊዜ ካለፈው ሰፋ ይላል።

«ሰፊ ነው አሁን የሚደረገው» ይላታል። እሷም እንዳመነችው ሆና ታጠልቀዋለች።

ቆይቶ ምግብ አስጠላት። «አፌን ብረት ብረት ይለኛል» ትላለች፤ ሰውነቷን ያሳክካታል፤ በር ድረስ ተራምዳ ትደክማለች። ከቀበሌ ስብሰባ መቅረት በሚያስጠይቅበት በዚያ ዘመን እንኳ ሊቀ መንበሩ ራሱ አይቷት «እርስዎ ይረፉ» አላት። ያኔ ሐኪም ቤት ወሰድናት።

ሐኪሙ ወጣት ነበር። «ሳይታወቅ የቆየው ግፊት ኩላሊታቸውን ጎድቶታል» አለን። «ክኒኑም አባብሶታል። ጨው ይቅር፤ መድኃኒት እሰጣለሁ። ኩላሊት ሲደክም ደም የሚያጥብ መሣሪያ ግን እኛ አገር የለም።»

አባቴ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ቆሞ ነበር።

«ዶክተር፣ ሰው ሁለት ኩላሊት አለው ሲሉ ሰምቻለሁ። አንዱን ከእኔ አውጥታችሁ ለእሷ ብታደርጉላትስ?»

«ጋሼ፣ ይህ የሚደረገው ውጭ አገር ነው።»

«እኔ ግን እዚሁ አለሁ» አለ አባቴ።

እናቴ አልጋው ላይ እንደተኛች ሳቀች። «አንተ ሰውዬ፣ በረሃ ለበረሃ ስትመላለስ የደረቀ ኩላሊትህን ነው የምትሰጠኝ?» አባቴም ሳቀ፤ ፊቱን ግን ወደ ግድግዳው አዞረ። እንደሚወዳት በአፉ ሲነግራት ሰምቼ አላውቅም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤታችን ጨው ቀረ። ጨርቅ ነጋዴዋ ሶማሌ ጎረቤታችን ሽሮውን በሎሚና በነጭ ሽንኩርት ማጣፈጥ አሳየችኝ። «ወላሂ፣ ትለምደዋለች» አለችኝ። እናቴ አባቴን «ለአንተ ጨው ያለው ለብቻ ይሠራልህ» ብትለው፣ «ብቻሽን አትበይም» ብሎ ከእሷው ሳህን ጎረሰ። ከመንገድ ሲመለስ እግሯን ጭኑ ላይ አድርጎ ያሽላታል፤ እሷ ደግሞ የየጣቢያውን ወሬ ትጠይቀዋለች።

አንድ ክረምት አብራን ከረመች። ሙቀቱ በረድ ባለበት ሰሞን፣ ጠዋት፣ እጇ በእጁ ውስጥ እንዳለ አረፈች።

ተዝካሯ ካለፈ በኋላ አባቴ እኔንና እህቴን ይዞን ያው ሐኪም ዘንድ ሄደ። «ግፊታቸውን ለካልኝ» አለው። የእህቴ ደህና ነበር፤ የእኔ ከፍ ብሎ ተገኘ። ሐኪሙ ገና ብዙ እንዳልጎዳኝ፣ መድኃኒቱን ሳላቋርጥ ከወሰድኩ ኩላሊቴን እንደማድን ነገረን። ስንወጣ አባቴ ደረጃው ላይ ቁጭ አለና እጄን ያዘኝ።

«በጊዜ ደረስን» አለ። ደጋግሞ እንዲሁ አለ፤ እንባው ሲወርድ ግን አልጠረገውም።