ከሱቁ ጀርባ የፈታነው እንቆቅልሽ

ባለፈው ሳምንት ሐዋሳ አንድ መሥሪያ ቤት ወረፋ ይዤ ተቀምጬ ሳለ መብራት ድርግም አለና ከጠረጴዛው ሥር ያለችው የኮምፒውተር መጠባበቂያ ባትሪ፣ ዩፒኤሷ፣ ጢጥ፣ ጢጥ፣ ጢጥ ማለት ጀመረች። አጠገቤ ያሉት ባለጉዳዮች «ይኸው፣ ዛሬም ሊያውሉን ነው» እያሉ ሲያጉረመርሙ እኔ ብቻዬን ፈገግ አልኩ። ለእነሱ ያ ድምፅ የተጓተተ ጉዳይ ነው፤ ለእኔ ግን የዲላ እሑድ ከሰዓት ነው። የሞቀ ኮምፒውተር አቧራ፣ የልብስ ሳሙናና የነጭ ጋዝ ሽታ ተቀላቅሎ አፍንጫዬ ላይ ይመጣል፤ ከጣውላው ግድግዳ ማዶም አባቴ «ጥያቄው ምን ይላል? አንብቢው እንጂ!» ብሎ ሲጮህ ይሰማኛል።

አባቴ በወጣትነቱ ከሸዋ ደጋ መጥቶ ዲላ የቀረ ነጋዴ ነበር። ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ ስኳርና ጨው፣ ሚስማርና ላስቲክ ጫማ፣ በቡና ወቅት ደግሞ ጆንያና ሸራ የሚሸጥበት ሱቅ ነበረው። በጣውላ ግድግዳ የተከፈለውን የሱቁን የኋላ ክፍል ጅግሶ ለሚባል የጌዴኦ ወጣት አከራይቶት፣ ጅግሶ ኢንተርኔት ቤት ከፈተበት። ጅግሶ የቤተ ክርስቲያኑ ዘማሪ ስለነበር መዝሙር እያንጎራጎረ ነው ኮምፒውተር የሚጠግነው፤ እሑድም ከአምልኮ ሲመለስ ብቻ ይከፍታል። ስለ ኔትወርክ ሲያወራ ስለ ዘመድ የሚያወራ ነበር የሚመስለው። «እህቴ፣ ቶሎ በይ፣ ኔትወርክ መጣች፣ አሁን ይሄዳል!» ይለኛል፤ እኔም ሴት ሆና መጥታ ወንድ ሆና የምትሄደውን ኔትወርክ ሳታመልጠኝ ጣቶቼን አሯሩጣለሁ።

ያኔ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነኝ። ታላቅ ወንድሜ መስፍን ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ ሲመጣ አባቴ በደስታ የሱቁን ታፔላ አሳድሶ፣ ከስሙ ቀጥሎ «እና ልጁ» የሚል አስጽፎ ነበር የጠበቀው። መስፍን ግን ሳምንት ሳይሞላው ባህር ዳር ሥራ አግኝቻለሁ ብሎ በጠዋቱ አውቶቡስ ሄደ። አባቴ መሰላል አቁሞ «እና ልጁ»ን በገዛ እጁ ቀባው፤ ቀለሙ ከሌላው ጋር ስላልገጠመ ግን ጭራሽ ጎልቶ ታየና፣ ከዚያ በፊት ታፔላውን ልብ ብሎት የማያውቅ ሰው ሁሉ ቀና እያለ «እዚህ ጋ ምን ነበር የተጻፈው?» ይል ጀመር። በዚህ ተናዶ ይመስለኛል፣ በገበያ ቀን ሰው በተሰበሰበበት «እኔ ቆሜ እያለሁ ያ ልጅ ዲላን አይረግጣትም!» ብሎ ማለ።

ሽማግሌ ተላከ፣ የንስሐ አባታችን መጡ፤ «ነጋዴ ቃሉን ካጠፈ ምን ቀረው?» እያለ ሁሉንም መለሳቸው። እልኸኛ ነበር አባቴ። እንደቆጨው ግን እናቴም እኔም እናውቃለን፤ ሬዲዮ የባህር ዳርን የአየር ሁኔታ ሊናገር ሲል ሱቁ ውስጥ ያለውን ሰው ሁሉ ዝም ያሰኝ ነበርና። መመለሻ መንገድ ነበር ያጣው፤ መስፍንም ያልተጠራበት ቤት መምጣት ፈርቶ፣ ዓመት በዓል ሲደርስ እዚያው ባዳ አገር ይውላል። እናቴ በበዓል ቀን ምግብ አይወርድላትም ነበር።

የእንቆቅልሹን ገጽ ያገኘው መስፍን ነው። ማን እንደሚያዘጋጀው የማይታወቅ አንድ የኢንተርኔት ገጽ እሑድ እሑድ ከሰዓት ጥያቄ ይለጥፍ ነበር፤ ከከባድነቱ ተንኮሉ የሚብስ ጥያቄ። ግማሹ ጠቅላላ ዕውቀት፣ ግማሹ የቃላት ጨዋታ ሆኖ፣ በመጨረሻ የመልሶቹ የመጀመሪያ ፊደላት ሲገጣጠሙ አንድ ቃል ካልወጣቸው ልፋቱ ሁሉ ከንቱ ነው። ውድድሩ በቡድን ስለሆነ እኛም «ከሱቁ ጀርባ» ብለን ተመዘገብን፤ እሱ ከባህር ዳር፣ እኔ ከዲላ፣ በቻት እየተጻጻፍን።

አባቴ ጨዋታው ውስጥ የገባው ሳይጠራ ነው። ጥያቄውን ለጅግሶ ጮክ ብዬ ሳነብ ከጣውላው ማዶ መልስ መምጣት ጀመረ። መልሱ አብዛኛውን ጊዜ ስህተት ነበር፤ አባቴ በዕድሜው «አላውቅም» ብሎ አያውቅማ! ዝም ከማለት ተሳስቶ መናገር ይሻለዋል። ዙሪያዋን በአንድ አገር ብቻ የተከበበች፣ ንጉሥ ያላት የአፍሪካ አገር ማን ናት ሲባል በሙሉ ልቡ «ስዊዘርላንድ!» አለ። አፍሪካ እኮ ነው የሚለው ስለው፣ «ታዲያ ድሮ የት ነበረች?» ብሎ ተቆጣኝ። መስፍን «ሌሶቶ» ብሎ ጽፎ ሳነበው ደግሞ «እሱን እኮ ነው ያልኩት!» አለ።

ከማን ጋር እንደምጻጻፍ አንድም ቀን አልጠየቀኝም፤ እኔም አልነገርኩትም። እሱ «ያ የባህር ዳሩ ሰውዬ ምን አለ?» ይላል፤ መስፍንም «የሱቁን ሰውዬ እስቲ ጠይቂልኝ» ብሎ ይጽፋል። ሁለቱም ያውቃሉ፣ ሁለቱም አያውቁም። እናቴ እሑድ ከሰዓት ምስር ለቀማዋን ከቤት ወደ ሱቁ አዛውራ፣ ጀርባዋን ለጣውላው ሰጥታ መቀመጥ ጀመረች፤ ከጥያቄውም ከመልሱም የላትም፣ የልጇ ቃል ሲነበብ መስማት ብቻ ነው የፈለገችው።

ፋሲካ ሊደርስ ሲል የመጣው ጥያቄ ግን ከሁሉም የከፋ ነበር። ከሰዓቱን ሙሉ ስንታገለው ውለን አንድ ብቻ ቀረን፤ «ከፊት ሲያነቡት ከትከሻ በላይ ነው፤ ከኋላ ሲያነቡት ከእጅ አይጠፋም» ይላል። አባቴ «ቆብ!» አለ። ከኋላ ሲነበብ «ብቆ» ይሆናል፣ ብቆ ደግሞ ምንድን ነው ስለው «የሆነ ነገር አይጠፋውም» አለኝ። ከጨለለቅቱ ጆንያ ሊገዛ የመጣ አንድ የቡና ሰብሳቢ ጉዳዩን ረስቶ ባንኮኒው ላይ ተደግፎ «ጭንቅላት ይሆን እንዴ?» አለ። እሱን ጻፍኩ። መስፍን «ሳይሆን አይቀርም፣ ግን ረዘመ፤ ሌላ ስም የለውም?» ብሎ መለሰ። ሳነበው አባቴ ባንኮኒውን በጡጫ መትቶ «ራስ!» ብሎ ጮኸ፤ ጽፌ ሳልጨርስም ከባህር ዳር «ስራ!!!» የሚል መጣ። አባትና ልጅ አንዱን ቃል ከሁለት ወገን ያዙት ማለት ነው። መልሱን ላክን፣ ጅግሶ ዓይኑን ጨፍኖ ጸለየ፣ ገጹም የመጀመሪያዎቹ ፈቺዎች ብሎ የእኛን ስም አወጣ። ሱቁ በጩኸት ተናወጠ።

በዚያ ጫጫታ መሀል የመስፍን ጽሑፍ መጣ። «ለሱቁ ሰውዬ አንድ የራሴ ጥያቄ አለኝ በይው። እንቆቅልህ።»

አነበብኩት። ከማዶም «ምን አውቅልህ» የሚል የአባቴ ድምፅ ተሰማ።

«ስሄድ አገኘሁት፣ ስመለስ አጣሁት።»

ይህን የማያውቅ ልጅ የለም። ጤዛ ነው። መስፍንንም እኔንም ጭኑ ላይ አስቀምጦ ያስተማረን ራሱ አባቴ ነው። የጨለለቅቱው ሰውዬ እንኳ «ይሄማ ጤ...» ብሎ ሲጀምር አባቴ «አንተ ዝም በል!» ብሎ ጮኸበትና፣ ቀስ ብሎ፣ «አላውቀውም» አለ።

በእንቆቅልሽ ያላወቀ ሰው አገር መስጠት ግዴታው ነው፤ ጠያቂውም የተሰጠውን ካልወደደ የሚወደውን እስኪያገኝ አልፈልግም ማለት መብቱ ነው። ከባህር ዳር «አገር ስጠኝ» መጣ። አባቴ ይርጋጨፌን ሰጠ። «አልፈልግም።» ኢዲዶን ከነቡናዋ ሰጠ። «አልፈልግም።» ጨለለቅቱን ሲሰጥ ሰውዬው «ኧረ እኛንም ሰጠን!» ብሎ አሳቀን። «አዲስ አበባን!» አለ አባቴ፣ ድምፁ እየቀጠነ። አዲስ አበባንም አልፈልግም አለ መስፍን። በዚህ መሀል መብራት ሄደ፣ ዩፒኤሷ መጮህ ጀመረች፣ ጅግሶም «እህቴ፣ ባትሪው አሮጊት ነው፣ አይቆይም!» እያለ ትከሻዬን ያዘ። «አባዬ፣ ሊዘጋብን ነው!» አልኩ እያለቀስኩ።

«ዲላን ስጪው» አለ አባቴ። «ዲላን ሰጥቼዋለሁ በይው፣ ለልጄ።»

እናቴ የምስሩን ሰፌድ አስቀምጣ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ስትጥል በጣውላው ክፍተት አየኋት። ያለውን ጻፍኩ። «ተቀብያለሁ። ቅዳሜ እገባለሁ። መልሱን መጥቼ እነግረዋለሁ» የሚለውን አንብቤ እንደጨረስኩ ስክሪኑ ጠፋ።

ሳምንቱን ሙሉ አባቴ የገባ የወጣውን ሰው እየያዘ «ምን ላድርግ፣ በእንቆቅልሽ ተረታሁ፤ የተሰጠ አገር ደግሞ አይነጠቅም» ሲል ከረመ። ያንን ሁሉ ሽማግሌ የመለሰ ሰው! የሰማው ሁሉ ከልቡ እየሳቀ «እውነትዎን ነው፣ አይነጠቅም» ይለው ነበር። ቅዳሜ መስፍን ከአውቶቡስ ወርዶ ጉልበቱን ሊስም ጎንበስ ሲል አባቴ ትከሻውን ይዞ ቀና አደረገውና፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «እሺ፣ መልሱ ምንድን ነው?» አለው። «ጤዛ» አለ መስፍን። «አሃ!» አለ አባቴ፣ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደሰማ ሰው፤ ከዚያ አቅፎት አለቀሰ።

መስፍን ሱቁን አልያዘም፤ ሥራው ባህር ዳር ነበርና ወደዚያው ተመለሰ። ግን ከዚያ ወዲህ ዲላ ያላከበረው በዓል የለም። አባቴ እስካረፈ ድረስ ጥሩ ጥሩ ዓመታት አሳለፍን፤ በዚህ አላማርርም። የጅግሶ ቤት ዛሬ የስልክ ካቨርና ቻርጀር ይሸጥበታል፣ ጣውላውም በብሎኬት ተተክቷል። የእኔም የመስፍንም ልጆች በበዓል ሲሰበሰቡ እየጠየቅሁ ልፈትናቸው እሞክራለሁ፤ ጥያቄውን ሳልጨርስ ስልካቸውን መዘው፣ እርስ በርስ እንኳ ሳይተያዩ፣ ትክክለኛውን መልስ ይነግሩኛል። አንድ ጊዜ እንኳ ስዊዘርላንድ ያለኝ የለም። ብልህ ልጆች ናቸው፣ እኮራባቸዋለሁ። አባቴን የምናፍቀው ግን ይኼኔ ነው፤ እሱ ካረፈ ወዲህ፣ እያወቀ ስለ እኔ ብሎ «አላውቀውም» የሚል ሰው የለኝም።