ከመጋረጃው ውጭ የተሰቀለው አምፖል

በረንዳው የኔ አልነበረም፣ ሻዩ ግን የኔ ነበር። ከደሴ ተነስቼ ሐርጌሳ የገባሁት ከተማው እንደገና ሲሠራ ነው። ግራ ቀኙ ሲሚንቶ ይቦካል፣ ግንበኛ ደግሞ ሻይ ካልጠጣ እጁ አይሠራም። ኮድቡር በሚባለው ሰፈር ውስጥ ጣሪያው በጦርነቱ ተነቅሎ አዲስ ቆርቆሮ የተመታበት አንድ ቤት ነበር። ባለቤቲቱ መንገድ ዳር ያለውን በረንዳቸውን አከራዩኝ። ኤዶ እላቸዋለሁ፤ በነሱ ቋንቋ አክስት ማለት ነው። በስደት ዘመናቸው ጅግጅጋና ድሬዳዋ ሲነግዱ አማርኛ ለምደዋል፣ ስድቡንም ጭምር።

ውላችን ቀላል ነበር። እስከ ከሰዓት በኋላው የዐሱር ሰላት በረንዳው የኔ ነው፣ ከዐሱር በኋላ የሳቸውና የጓደኞቻቸው። ችግሩ በረንዳው ለመንገዱ ወለል ብሎ የተከፈተ መሆኑ ነው። ሴቶቹ ይመጣሉ፣ አላፊ አግዳሚው ያያቸዋል፣ ሻሻቸውን ሲያስተካክሉ ሻዩ ይቀዘቅዛል፣ ከዚያ ተነስተው ሳሎን ይገባሉ። አንድ ቀን ኤዶ መረራቸውና ግቢው ውስጥ ብሎኬት አስቆለሉ።

"ልገነባው ነው" አሉኝ። "ዙሪያውን፣ እስከ ጣሪያ።"

ግድግዳ ከተገነባ እኔ አለቀልኝ። ግንበኛ ከመንገድ ሳያየው የሚገባበት ሻይ ቤት የለም፤ በረንዳዬ ጓዳ ሊሆን ነው። ሌላ ቦታ ደግሞ አልነበረኝም።

"ኤዶ፣ ግድግዳ ምን ያደርግልዎታል? መጋረጃ እንስቀል። ጠዋት ይጠቀለላል፣ ማታ ይወርዳል። እሱን ለኔ ይተዉት።"

ለኔ ይተዉት ማለት እወዳለሁ። ግማሹን ጊዜ ምን እንደማደርግ ሳላውቅ ነው የምለው፤ አንዴ ካፌ ከወጣ ግን ሳልሠራው አልቀርም።

ዋሄን ገበያ አብረን ሄድን። መጀመሪያ ያየነው ሰማያዊ ሸራ ነበር። ጠንካራ ነው፣ ዝናብ አያስገባም፣ እኔ ወደድኩት። ኤዶ በጣታቸው ነካ አደረጉትና እጃቸውን ሰበሰቡ።

"ከዚህ ሥር ኖሬ ነው የመጣሁት" አሉ። "ቤቴ ላይ አይሰቀልም።"

የስደተኛ ጣቢያው ድንኳን ትዝ ብሏቸው ነው። አፈርኩ፤ ዳግመኛ ሸራ የሚባል አላነሳሁም። ጨርቅ እንዳንገዛ የሐርጌሳ ንፋስ አለ፤ በበጋው ወር ሲነሳ ጨርቁን ከነመስቀያው ይዞት ይሄዳል። መጨረሻ ላይ አንድ ሱቅ ጥግ፣ ከስስ የቀርከሃ ስንጥቅ የተሠራ፣ በገመድ የሚጠቀለል መጋረጃ አየሁ። በመርከብ በርበራ የገባ ነው አለ ሻጩ። እኔ ሰው በነገረኝ አላምንም። መጋረጃውን ሱቁ በር ላይ አስሰቀልኩና ሻጩን ውስጥ አቁሜ ከኤዶ ጋር ፀሐዩ ላይ ወጣን። ሰውዬው ከዓይናችን ጠፋ። ከዚያ ቦታ ተቀያየርን፤ እኔ ከውስጥ ሆኜ ሻጩን ፀሐይ ላይ ሲያፍር አየሁት፣ ጺሙ ሳይቀር።

"ማሻ አላህ" አሉ ኤዶ። ተገዛ።

በረንዳው ብረት ላይ ራሴ ወጥቼ አሰርኩት። ንፋስ እንዳያነሳው ከግንበኞቹ ቁራጭ ፌሮ ለምኜ በታችኛው ጫፍ አስገባሁበት፣ ጫፉንም ከምሰሶው ጋር ጠፈርኩት። ስወርድ ኩራቴ ሌላ ነበር፤ እንዲህ አሳምሮ የሚሠራ ወንድ ቢኖር ባገባሁት ነበር።

የመጀመሪያው ማታ ሴቶቹ መጡ። ከጎረቤት ጄኔሬተር የተሳበች አንዲት አምፖል ነበረችን፣ ጣሪያው መሀል የተንጠለጠለች። ሻሻቸውን ለቀቅ አድርገው ተቀመጡ፣ ሳቁ፣ ሻዬን አመሰገኑ። ለማታው የኢሻ ሰላት ወደ መስጊድ የሚያልፉ አንድ ሽማግሌ በረንዳው ፊት ሲደርሱ ጉሮሯቸውን ጠረጉና ፊታቸውን አዞሩ።

ሴቶቹ ሻሻቸውን ሳቡ። ያላየ ሰው ፊቱን ለምን ያዞራል? ሮጬ መንገድ ወጣሁ። ወላሂ፣ ብርጭቆው እንኳ ይቆጠራል፤ ኤዶ ቀይ ብርድ ልብስ ጉልበታቸው ላይ እንደጣሉ ቁጭ ብለዋል።

እኛ አገር በረንዳ ላይ የሚጋረደው ፀሐይ ነው፤ ሲመሽ ብርድ ስለሆነ ሁሉም ቤቱ ይገባል። እነሱ ጋ የሚጋረደው ዓይን ነው፣ ሰውም የሚወጣው ሲመሽ ነው። እኔ በጠራራ ፀሐይ ሰው አቁሜ ስፈትን ማታ የሚባል ነገር መኖሩን ረሳሁት።

"ነገ ጠዋት ግንበኛው ይመጣል" ብለው ኤዶ ተነሱ።

"አንድ ማታ ይስጡኝ።"

"ምን ልታደርጊ?"

"ለኔ ይተዉት" አልኩ፣ በሞተ ድምፅ። ከላይ እስከ ታች አዩኝና "ነገን ብቻ" አሉ።

ብርጭቆ እየለቀምኩ ሳለ ጄኔሬተሩ ቀጥ አለ። ጨለማው ውስጥ ቆሜ ባለቤቱን ስራገም አንድ መኪና መብራቱን አብርቶ ዳገቱን መጣ፤ መንገዱ፣ የድንጋይ ክምሩ፣ ማዶ የሚሄደው ሰውዬ፣ ሁሉም በቀርከሃው በኩል ቁልጭ ብሎ ታየኝ። ልክ ገበያው ውስጥ እንዳየሁት። ብቻዬን ሳቅሁ። ጥፋቱ የመጋረጃው አልነበረም፤ አምፖሏ ናት ያለቦታዋ የተሰቀለችው።

በማግስቱ ሽቦውን አስረዝሜ አምፖሏን ከመጋረጃው ውጭ፣ መንገዱ ላይ ሰቀልኳት። ሴቶቹ መጥተው ጨለማ ሲያገኙ አጉረመረሙ። "ሻዩን በጆሮዬ ላፍስሰው?" አለች አንዷ። ብርጭቆውን እጃቸው ላይ አስያዝኳቸውና ወደ ውጭ እንዲያዩ ነገርኳቸው። እኚያ ሽማግሌ መጡ። ፊታቸውን አላዞሩም፤ እንዲያውም አምፖሏ ሥር ቆመው ጫማቸውን አውልቀው ጠጠር አራገፉ፣ ሽርጣቸውን ፈትተው አጥብቀው አሰሩ፣ ሄዱ። ሴቶቹ አፋቸውን በሻሽ ይዘው በሳቅ ተንከተከቱ። ኤዶ ግን አልሳቁም። ገና አልፈረዱም ነበር።

ቆይቶ አንዲት ሴት ጭነት ይዛ መጣች፤ በአንድ እግሯ ታነክሳለች። ብርሃኑ ጋ ስትደርስ ቆም ብላ ከኛ ቀጥሎ ያለውን የፈረሰ ቤት አየች። ኤዶ ብርጭቆውን መሬት አስቀመጡ። በቀስታ አንድ ስም ጠሩ። ከዚያ ጮክ ብለው ደገሙት። ሴትዮዋ ዞረች፣ መጋረጃውን አየች፣ ማን እንደጠራት አላወቀችም፤ ከውጭ ምንም አይታይማ። ፈርታ መንገዷን ልትቀጥል ፊቷን መለሰች።

ኤዶ ዘለው ተነሱ። ገመዱን ሳቡ፣ እምቢ አለ፤ እኔ ነኝ ያን ያህል የጠፈርኩት። በሁለት እጃቸው መጋረጃውን ከሥሩ ያዙና ማሰሪያውን በጣጥሰው ከነፌሮው ከራሳቸው በላይ አነሱት፤ ሻሻቸው ትከሻቸው ላይ ወድቆ፣ ፀጉራቸው ተገልጦ፣ አምፖሏ ፊት ቆሙ። "እኔ ነኝ" አሉ በሶማሊኛ። "እዪኝ፣ እኔ ነኝ።"

የግድግዳ ጎረቤታቸው ነበረች። ከተማው በቦምብ የተመታ ቀን ተለያይተው፣ ሞታለች ተብሎ ኤዶ ስደት ላይ ለቅሶ ተቀምጠውላታል። እሷ ደግሞ በዚያ ማታ ከፈረሰው ቤቷ የተረፈ ነገር እንዳለ ልታይ ነበር የመጣችው። ተቃቅፈው ሲያለቅሱ መጋረጃውን ደግፌ የያዝኩት እኔ ነኝ፤ እጄ እስኪዝል አልለቀቅኩም።

ጠዋት ግንበኛው መጣ። እኔ ምድጃው ጋ አቀርቅሬ ፍርዴን እጠብቃለሁ። ኤዶ ብሎኬቱን አሳዩትና ወደ ፈረሰው ቤት አመለከቱ።

"ለሷ ውሰድላት" አሉት። "ግድግዳ የሌላት እሷ ናት።"

ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ ለሰውዬው ሻይ እንድሰጠው ነገሩኝ።