ሽማግሌ ስንጠብቅ

መጀመሪያ ያየሁት ምልክት ጡት እምቢ ማለቷን ነው። ዓርብ ጠዋት ነበር። ልጄ ሁለት ወር ሊሞላት ጥቂት ቀን ቀርቷታል፤ ገና ክርስትና አልተነሣችም። ሁለት ሦስት ጊዜ ትስብና ትተወዋለች፤ ዳገት እንደ ወጣ ሰው ቶሎ ቶሎ ትተነፍሳለች፤ ያስላታልም። ጉንፋን ነው ብዬ አለፍሁት። ማለፍ አልነበረብኝም።

ያን ጊዜ ከአርብ ገበያ ከተማ ብዙም በማይርቅ መንደር አባቴ ቤት ነበርሁ። ትዳሬ ስማዳ ነው። ባሌ ሲመታኝ የመጀመሪያው አልነበረም፤ የመጨረሻው ግን ግራ ጎኔን አገኘኝ፤ ልጄን ታቅፌ ወደ አባቴ ቤት መጣሁ። በእኛ አገር ያኮረፈች ሚስት አባቷ ቤት ገብታ ሽማግሌ ትጠብቃለች። ባልየው ሽማግሌ ልኮ ዳግም እንዳይመታት ዋስ እስኪጠራ ድረስ ገበያም መንገድም ላይ ባትታይ ይመረጣል። ከታየች «ድሮም መዞር አምሯት ነው» ትባላለች፤ በደሏም በዚያው ይረሳል። እኔም ተደብቄ ተቀመጥሁ።

የአርባ አምስት ቀን ክትባቷ ቀድሞውንም ስማዳ ሳለን አልፏታል። በዚያ ሳምንት ዓይኔ አብጦ ነበርና ጤና ኬላ መሄድ አፈርሁ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ቤት ድረስ መጥታ ስትጠራኝ ነጠላዬን ፊቴ ላይ ሳብ አድርጌ ልጅቱ ተኝታለች አልኋት።

ቅዳሜ ሳሉ ባሰባት። ሽማግሌዎቹ እሑድ እንደሚመጡ ባሌ መልእክት ልኳል። አባቴ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ግን «አንድ ቀን ናት፣ ጠብቂ። ሽማግሌ መጥቶ ባዶ ቤት ካገኘ ምን እላለሁ?» አሉኝ። በእሳቸው ብቻ አላሳብብም። እኔም መታረቅ ፈልጌ ነበር። ቤቴ ናፍቆኝ ነበር። ገብሱ፣ ጓሮው፣ ባሌ ሳይቆጣ ሲስቅ፣ ሁሉም ናፍቆኝ ነበር። ለተመታች ሴት ይህን ማለት ያሳፍራል። እውነቱ ግን ይኸው ነው።

እሑድ ማለዳ ስትተነፍስ ደረቷ ወደ ውስጥ ይገባል። ከንፈሯ ጠቆረ። አታለቅስም። ጠራኋት። ዓይኗን አልገለጠችም። ተነሣሁ። አባቴ ጋቢያቸውን አንሥተው ተከተሉኝ።

ንፋስ መውጫ ሆስፒታል በሚኒባስ ደረስን። ኦክስጅን ተደረገላት። የእጇ ደም ሥር ጠፋ። ጭንቅላቷ ላይ ተገኘ። ሐኪሙ ከባድ የሳንባ ምች ነው አለ። ክብደቷም ቀንሷል አለ። ክትባቷን ጠየቀኝ። አልተከተበችም አልሁት።

በቀኝ በኩል ብቻ እንደማቅፋት አይቶ ኖሮ ግራ ጎኔን ምን እንደሆንሁ ጠየቀኝ። ወደቅሁ አልሁት።

«የምጠይቅሽ ለወቀሳ አይደለም» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «በአንድ ጡት ብቻ እያጠባሻት ከሆነ ለመክሳቷ ምክንያቱ እሱ ሊሆን ይችላል። ካልነገርሽኝ ሳንባዋን እንጂ ረሃቧን ማከም አልችልም።»

አባቴ አጠገቤ ቆመዋል። ነገርሁት። በምን እንደመታኝ፣ ስንት ጊዜ እንደመታኝ። አባቴም ያን ቀን ገና ሰሙት።

ራጅ ሲነሣ የጎን አጥንቴ ተሰንጥቋል። የሕመም ማስታገሻ ሰጡኝ፤ አንዲት ነርስም ልጅቱ ጎኔን ሳትጫነኝ በግራ ጡቴ ጋደም ብዬ እንዳጠባት አሳየችኝ፣ ልጄ ለመጥባት አቅም ስታጣ ደግሞ ወተቴን በኩባያ አልቤ በጠብታ እንድሰጣት አስተማረችኝ። አንቲባዮቲኩ ሥራውን ሲጀምር በሦስተኛው ቀን ኦክስጅኑ ተነሣላት፤ ጡቴን ይዛ እያላባት ስትጠባ ሳያት ከተመታሁ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀስሁ።

ሽማግሌዎቹ ሆስፒታሉ ግቢ ድረስ መጡ፤ ባሌም አብሯቸው ነበር። ልጅቱን አየና እንባው ወረደ፤ ዋስ እጠራለሁ አለ። እሺ ልል አፌን ከፈትሁ። አባቴ ቀደሙኝ።

«ለልጄ ዋስ ትጠራለህ» አሉት። «ለዚህች ሕፃን ትንፋሽ ዋስ የሚሆን ማነው?»

ከሆስፒታል ስንወጣ ከአባቴ ጋር ተመለስሁ።

አሁን ልጄ ቆማ ትሄዳለች፤ ክትባቷንም ጨርሳለች። ያን ሐኪምና ነርሷን እግዜር ያክብርልኝ። የዋሸኋትን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛም ይቅርታ በሉልኝ ብዬ በሰው ልኬላታለሁ። ከስማዳ የመጣ ሰው ሳገኝ ገብሱ እንዴት ነው ብዬ እጠይቃለሁ። ስለ ባሌ አልጠይቅም፤ ሲነግሩኝ ግን እሰማለሁ፤ ያን ቀን ሥራ አይያዝልኝም።

አኩርፈሽ አባትሽ ቤት የተቀመጥሽ እኅቴ፣ ናፍቆቱን ተዪው ብዬ አልመክርሽም፤ እኔንም አልተወኝም። ያበጠ ፊትሽን ይዘሽም ቢሆን ልጅሽን አስከትቢ፤ ሐኪም ሲጠይቅሽ ወደቅሁ አትበዪ። ልጅሽ ጡት እምቢ ካለ ደግሞ ሽማግሌ አትጠብቂ። ሽማግሌ በሌላ እሑድም ይመጣል።